ከ265/70 ወደ 285/75፦ በአዳማ ዙሪያ ለሚነዳ ላንድክሩዘር ትልቅ ጎማ መግጠም

ትልቅ ጎማ ሲታሰብ ሁሉም ቀድሞ የሚጠይቀው «ይገባል ወይ?» ብሎ ነው። መኪናው ቆሞ፣ መሪው ቀጥ ብሎ ሳለ ብዙ ነገር ይገባል። ጥያቄው መሪው እስከ መጨረሻው ታጥፎ፣ መኪናው ተጭኖ፣ የፊት ጎማው ጉድጓድ ሲመታ ይገባል ወይ ነው። ይህን ከመግዛት በፊት በሜትርና በጠመኔ ማወቅ ይቻላል፤ ግማሽ ቀን ይበቃል።

መጀመሪያ ስሌቱ። 265/70 አር 16 ማለት ወርዱ 265 ሚሊሜትር፣ የጎኑ ከፍታ ደግሞ የወርዱ 70 በመቶ፣ 185.5 ሚሊሜትር ማለት ነው። ጎኑ ከላይም ከታችም ስላለ በሁለት ይባዛል፤ የቸርኬው 16 ኢንች፣ ማለትም 406.4 ሚሊሜትር ሲደመርበት የጎማው ቁመት 777 ሚሊሜትር ይመጣል። 285/75 በዚሁ ስሌት 834 ሚሊሜትር ነው፤ ገበያው «33» (በኢንች) የሚለው እሱን ነው። ልዩነቱ 57 ሚሊሜትር ቢሆንም ዲፈረንሻሉ ከመሬት የሚነሳው በግማሹ፣ በ28 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ሁለት ጣት አይሞላም። በፋብሪካ 7.50 አር 16 ይዞ የመጣ መኪና ከሆነማ የድሮው ጎማ ራሱ ከ80 ሴንቲሜትር ስለሚበልጥ ትርፉ ከዚህም ያንሳል። ቁመት ብቻ ፈልጎ ያን ሁሉ ወጪ ማውጣት አያዋጣም። ጥቅሙ በወርዱና በጎኑ ጥንካሬ ላይ ነው።

ቸርኬው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የ7.50 ቸርኬ ወርዱ 5.5 ኢንች ነው፤ 285 የሚፈልገው ከ7.5 እስከ 9 ኢንች ነው። በጠባቡ ላይ በግድ ከተገጠመ የጎማው ፊት መሀሉ ያብጣል፣ መሀሉ ብቻ ይበላል፣ መኪናውም ኩርባ ላይ ይዋልላል። ባለ ቀለበት ቸርኬ ከሆነ ደግሞ አየር አይዝም፤ ከመነዳሪ (አየር የሚይዘው የውስጥ ጎማ) እና ፍላፕ (ከመነዳሪውን ከቸርኬው የሚለይ የጎማ ልባስ) ካልገባበት አይሠራም። የብሎኑን ቁጥርም እዩ፦ ከ1999 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠሩት የ70 ተከታታይ ላንድክሩዘሮች ባለ 6 ብሎን ናቸው፣ የብሎኖቹ ክብ 139.7 ሚሊሜትር። ከዚያ ወዲህ ያሉት ባለ 5 ብሎን፣ 150 ሚሊሜትር ናቸው። ቸርኬውን ወደ ውጭ ለማስወጣት በመሀል ስፔሰር (ወፍራም የብረት ቀለበት) መክተትን አንመክርም። ጎማው ከፓራፋንጎ (ከላይ ከሚሸፍነው ቆርቆሮ) ወጥቶ ድንጋይ ይረጫል፣ ጎማው የሚሽከረከርበት የሞዞ ኩሽኔታም ያለ ዕድሜው ያልቃል።

አሁን ወደ ልኬቱ። ከጎሚስታው አንድ 285 ቸርኬ ላይ የታሰረ ጎማ ተውሳችሁ የፊት ግራ ላይ ብቻ እሰሩ። የፓራፋንጎውን የውስጥ ገጽ፣ የጭቃ መከላከያውን ጥግና አክስሉን ከሻሲ የሚያገናኘውን ክንድ በጠመኔ ቀቡ። ጭነት የሚጭን መኪና ከሆነ ጫኑት፤ ባዶው ላንድክሩዘር ከፍ ብሎ ስለሚቆም ያታልላል። ከዚያ የፊት ግራውን 30 ወይም 40 ሴንቲሜትር ከፍታ ባለው ድንጋይ ወይም መወጣጫ ላይ አውጡትና ሞላው እንደታመቀ መሪውን ወደ ሁለቱም ጎን እስከ መጨረሻው አዙሩ። ወርዳችሁ ጠመኔውን እዩ፤ የተጠረገበት ቦታ የሚነካበት ቦታ ነው። ባልነካበትም ቢሆን ቢያንስ 2 ሴንቲሜትር ክፍተት መቅረት አለበት፤ በክረምት ጥቁር አፈር ጎማው ላይ ሲጠቀለል ያን ክፍተት ይሞላዋል። ከዚያ ቀኙንም እንዲሁ።

አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚነካው የጭቃ መከላከያው የኋላ ጥግ ነው፤ እሱ ተቆርጦ ይስተካከላል። ክንዱን ከነካ ግን አክስሉ ጫፍ ላይ ያለውን የመሪ ማቆሚያ ብሎን ጥቂት ወደ ውጭ መፍታት ያስፈልጋል። መኪናው ለመዞር ሰፊ ቦታ ይፈልጋል እንጂ ጎማው አይቆረጥም። ሞላ ቀይሮ 5 ሴንቲሜትር ማንሳት ለ33 ከበቂ በላይ ነው። ከዚያ በላይ ሲነሳ የፊት አክስሉ ወደ ፊት ስለሚዞር መሪው ወደ መሀል መመለስ ይሰንፋል፣ በፍጥነት መንገድ ላይ መኪናው ይቅበዘበዛል። የፍሬን ጎማ ቧንቧውም ይወጠራል፤ ሞላው ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ ቧንቧው እንዳይሳብ በእጅ አረጋግጡ።

ቀጥሎ ጉልበት። 834ን ለ777 ስናካፍል 1.073 ይሆናል። የማርሽ ምጣኔው 4.10 የነበረው ዲፈረንሻል 3.82 እንደሆነ ያህል ይሠራል። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር ከፍ ትላለች፣ አሰላ 2,400 ታልፋለች። ቱርቦ የሌለው 4.2 ሊትር ናፍጣ ሞተር ከፍታው ብቻውን ጉልበቱን ይቀንስበታል። ከዴራ በኢተያ ወደ አሰላ ሲወጣ አምስተኛ ማርሽ ላይ ድርቅ ብሎ መርገጥ ጥቁር ጭስና ሙቀት ነው የሚያመጣው፤ ቶሎ ወደ አራተኛ ማውረድ ይሻላል። ዳገት የዘወትር ሥራው የሆነ ሰው ዲፈረንሻሉን ወደ 4.30 ይቀይር፣ ግን የፊቱንም የኋላውንም አንድ ላይ። አንዱ ብቻ ተቀይሮ ፎር ዊል ከገባ ማርሹ ይሰበራል። የፍጥነት መለኪያውም 100 ሲያሳይ እውነተኛው 107 ነው፤ ወደ አዲስ አበባ በፍጥነት መንገዱ የምትመላለሱ ይህን አትርሱ። ኪሎሜትር ቆጣሪውም ስለሚያሳንስ በ5,000 የሚቀየር ዘይት 4,650 ላይ ይቀየር።

ጎማው ሲመረጥ ቁመቱን ሳይሆን ጎኑን አንብቡ። 126 የሚል የጭነት ቁጥር አንድ ጎማ 1,700 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው፤ 112 ከሆነ 1,120 ብቻ። ከመተሐራ ወዲያ በፈንታሌ ግርጌ ያለው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ጎማን ፊቱን አይደለም የሚቆርጠው፣ ጎኑን ነው፤ ለእሱ ባለ 10 ፕላይ (የጎማ ጥንካሬ ደረጃ) ያስፈልጋል። የተመረተበትንም እዩ፦ 2319 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት ነው።

ጎሚስታው ሲያስገባ ጠርዙን የሳሙና ውሃ ይቀባው፤ ዘይትና ቤንዚን ጎማውን ይጎዱታል። በ40 ፒኤስአይ (የንፋስ መለኪያ) ጠርዙ ቸርኬው ላይ ካልተቀመጠ አየሩ ተለቆ እንደገና ይቀባል እንጂ አይጨመርበትም። ብሎኖቹ ፊት ለፊት እየተሻገሩ ይጠብቃሉ፣ ከ50 እስከ 100 ኪሎሜትር ከተነዳ በኋላ እንደገና ይጠብቃሉ።

የንፋሱን ልክ ጠመኔ ይነግራችኋል። በጎማው ፊት ላይ አግድም ሦስት ጣት የሚያህል ቀብታችሁ ደልዳላ አስፋልት ላይ 50 ሜትር ቀጥ ብላችሁ ንዱ። መሀሉ ጠፍቶ ዳርና ዳሩ ከቀረ ንፋሱ በዝቷል፤ ዳሩ ጠፍቶ መሀሉ ከቀረ አንሷል። ጭነት ሳይኖር ኮረት ላይ ወደ 28 ፒኤስአይ ማውረድ መንቀጥቀጡን ያለዝበዋል፤ አስፋልት ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ግን መልሳችሁ ሙሉት፣ በመተሐራ ሙቀት የላላ ጎማ ጎኑ ይግላል።

ትርፍ ጎማውም 285 ይሁን። ከመጫኛው ሥር የሚሰቀልበት ቦታ 834 ሚሊሜትር መያዙን ቀድማችሁ ለኩ፤ ካልያዘ ከላይ የሚታሰርበት ብረት በብየዳ ይሠራለታል።