መብራት ባይጠፋ ኖሮ

ነርስ ነኝ። ሦስተኛው ተከታታይ ናይት ዲዩቲዬ፣ የሌሊት ተራዬ፣ ነበር። ጅማ፣ አንድ ሆስፒታል፣ የውስጥ ደዌ ዋርድ። ቀን ላይ መተኛት እንዳለብኝ ለሰው ማስረዳት ከሰለቸኝ ቆይቷል። ጎረቤቴ ቡና አፍልታ "ኧረ ነይ፣ አቦሉን እንኳ ቅመሺ" ትላለች፣ ጅማ ተቀምጦ ቡና እምቢ ማለት ደግሞ ጠብ መፈለግ ነው። ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ በሩን ትደበድባለች። በሦስቱ ቀን ተደምሮ አሥር ሰዓት የተኛሁ አይመስለኝም።

እስከ እኩለ ሌሊት እሳት ነኝ። ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ያለው ነው ጉዱ። በዚያ ሰዓት የሰውነት ሙቀት ይወርዳል፣ አእምሮ ተኛ ተኛ ይላል፣ ዓይን ተከፍቶ እንኳ ለጥቂት ሴኮንድ እልም ማለት አለ። 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ቅልጥፍናው ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚቀራረብ በጥናት ታይቷል። ጠጥታ ዲዩቲ የገባች ነርስ ትባረራለች። እንቅልፍ ያጣችውን ግን "ጎበዝ፣ ጠንካራ" እንላታለን።

10 ሰዓት ገደማ ነው። የ12 ሰዓቱን መድኃኒት ቀደም አድርጌ ላዘጋጅ ብዬ (አዎ፣ ሁላችንም እናደርገዋለን) ሴፍትሪያክሶን የሚባለውን የዱቄት አንቲባዮቲክ በውሃ ለመበጥበጥ ተነሳሁ። የሳንባ ምች ለያዛቸው አንዲት እናት ነው፣ በገባሁ ቁጥር "ኢንተላ ኮ" ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ከመድኃኒት ጋሪው፣ ከትሮሊው፣ ላይ የመበጥበጫ ውሃውን ብልቃጥ አነሳሁ፣ አንገቱን ሰበርኩ፣ 10 ሚሊውን በሲሪንጅ ሳብኩ። እጄ ለምዶታል፣ አላየሁትም። መርፌውን ዱቄቱ ያለበት ጠርሙስ (ቫያሉ) ላይ ልወጋ ስል መብራት ድርግም።

ጀነሬተሩ እስኪነሳ ብዬ የስልኬን ባትሪ አበራሁ። ብርሃኑ ያረፈው ኪድኒ ዲሹ፣ የዕቃ ሳህኑ፣ ውስጥ በጣልኩት ባዶ ብልቃጥ ላይ ነው። ፖታሲየም ክሎራይድ።

ይሄ ነገር በትልቅ ግሉኮስ ወይም ሳላይን ተበርዞ በሰዓታት ቀስ እያለ የሚገባ ነው። እንዳለ በደም ስር ከተገፋ ልብ ያቆማል። ለሌላ ታካሚ ወጥቶ የተረፈ ነው፣ ከውሃው አጠገብ ተቀምጧል፣ ሁለቱም ጥርት ያሉ፣ ሁለቱም 10 ሚሊ። ሲሪንጁን ጥዬ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። እግሬ ከዳኝ። እናትየው በጨለማው "ኢንተላ ኮ፣ ደከመሽ እንዴ?" አሉኝ። ምን ልበላቸው?

ማንም አላየኝም፣ ዝም ብል ያልፍ ነበር። ጠዋት ርክክብ ላይ ግን ለኃላፊያችን ነገርኳት፣ ድምፄ እየተንቀጠቀጠ። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። እሷ እቴ፣ ምንም ሳትል ተነስታ በየትሮሊው ያለውን ፖታሲየም ለቅማ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት፣ ያለ ሁለተኛ ሰው እንዳይወጣ፣ ስሙም ጮክ ተብሎ እንዲነበብ አለች። ጥሩ ነው፣ እስከ ዛሬ ይሠራል። ውሃና መርዝ ጎን ለጎን ማስቀመጥ መጀመሪያውኑ የእንቅልፍ ጉዳይ ብቻ አልነበረም።

ስወጣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ስኬጁል አየሁት። አራተኛው ሌሊትም የእኔ ነበር። ተመልሼ ገባሁና "ይሄንንስ?" አልኳት። ስክሪብቶዋን አንስታ ስሜን ሰረዘች፣ ከዚያ ማንን እንደምትጽፍ ግራ ገብቷት ብዙ ቆየች።