ሂተሩ ቀድሞ ነግሮኝ ነበር

መኪናዬ ሁለት በሽታ ያለባት መስሎኝ ነበር። አንደኛው፣ ዳገት ስወጣ የሙቀት ጌጁ ከመሃል ተነስቶ ወደ ቀዩ ይጠጋል። ሁለተኛው፣ ሂተር ስከፍት የሚነፍሰው አየር ቀዝቃዛ ነው። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ለየብቻ ጻፍኳቸው፤ ለየብቻ ልጠግናቸውም ተነሳሁ። ሞተሩ እሳት ሆኖ ሳለ እኔ ውስጥ ተቀምጬ ለምን እንደምንቀጠቀጥ አንዴ እንኳ ቆም ብዬ አላሰብኩም።

እንደኔ ጀማሪ ለሆናችሁ ነገሩን ላስረዳ። የመኪና ሂተር የራሱ እሳት የለውም። ከዳሽቦርዱ ጀርባ አንድ ትንሽ ራዲያተር አለች። ከሞተሩ ሙቀት የወሰደው ውሃ በአንዱ ቱቦ ይገባባትና በሌላው ይወጣል። ፋኑ አየር ይነፋባታል፤ እኛ ጋ የሚደርሰው ሙቀት ያ ነው። ስለዚህ ሞተሩ እየጋለ ሂተሩ ከቀዘቀዘ ሙቀት ጠፍቶ አይደለም። ሙቀቱን የሚያመላልሰው ውሃ ነው እዚያ ያልደረሰው። ብዙ መኪና ላይ ይቺ ትንሽ ራዲያተር ከፍ ብላ ነው የምትቀመጠው። ውሃ ሲጎድል ወይም አየር ሲገባ ቀድማ ባዶዋን የምትቀረው እሷ ናት።

ይሄን ያወቅኩት ግን ቴርሞስታቱን (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ትልቁ ራዲያተር እንዳይሄድ ዘግቶ፣ ሲሞቅ የሚከፍተውን ዕቃ) ከቀየርኩ በኋላ ነው። ለምን ቀየርክ ብትሉኝ፣ ሁሉም ሰው «ቴርሞስታት ነው» ስለሚል። ከቀየርኩ በኋላ አሮጌውን ድስት ውስጥ ውሃ ላይ በክር አንጠልጥዬ ከቴርሞሜትር ጋር ጣድኩት። ላዩ ላይ 82 የሚል ተቀርጾበታል። 83 አካባቢ መከፈት ጀመረ፤ ውሃው ሊፈላ ሲል ወለል ብሎ ተከፈተ። ምንም ያልሆነ፣ ጤነኛ ዕቃ ነው የጣልኩት። ደግሞ ተከፍቶ የቀረ ቴርሞስታት ሂተርን ቢያቀዘቅዝም ሞተሩንም ቀዝቃዛ ያደርገዋል እንጂ አያግለውም። ዘግቶ የቀረ ደግሞ ሞተሩን ያግላል፤ በብዙ መኪና ግን ሂተሩን አያቀዘቅዝም። ሁለቱ ምልክቶች አንድ ላይ መምጣታቸው ብቻውን ወደ ሌላ ቦታ ሊመራኝ ይገባ ነበር።

ይባስ ብሎ ከቅያሬው በኋላ ሂተሩ ጭራሽ በረዶ ሆነ። ስፈታ ያፈሰስኩትን ውሃ ስመልስ አየር አብሮ ገብቶ ነበር። አየሩን የማስወጣቱ ሥራ ግማሽ ቀን ወሰደብኝ፤ የተማርኩበት ግማሽ ቀን ግን እሱ ነው። ሞተሩ በደንብ ቀዝቅዞ ሳለ የመኪናዋን አፍንጫ ከፍ አድርጌ አቆምኩ። የራዲያተሩን ክዳን ከፈትኩ። ሂተሩን ጫፍ ድረስ ሙቅ ላይ አድርጌ አስነሳሁ። ሚኒሞ ላይ ትቻት የላይኛውን ቱቦ ጨበጥ ለቀቅ ማድረግ ያዝኩ። አረፋ ብልቅ ብልቅ ይላል፤ ውሃው ወረድ ይላል፤ እጨምራለሁ። ሃያ ደቂቃ ያህል ከቆየ በኋላ ቱቦው በድንገት ጋለ፤ ቴርሞስታቱ ተከፈተ ማለት ነው። አንድ ትልቅ አረፋ ወጣና ሂተሩ ሙቅ አየር መንፋት ጀመረ። ብቻዬን ሆኜ ጮህኩ።

(ይሄን ሁሉ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ነው መጀመር ያለባችሁ። ክዳኑ 1 ባር አካባቢ ግፊት ሲይዝ ንጹሕ ውሃ እንኳ እስከ 120 ዲግሪ ድረስ ሳይፈላ ይቆያል። የጋለ ሞተር ክዳን ስትከፍቱ ያ ውሃ ባንድ ጊዜ ፈልቶ ፊታችሁ ላይ ነው የሚወጣው።)

አሥር ቀን ሰላም ሆነ። በአሥራ አንደኛው ሂተሩ እንደገና ለብ አለ። ጌጁ ግን መሃል ላይ ነበር። ያን ቀን ነው የነቃሁት፤ ጌጁ ከመንቀሳቀሱ በፊት ሂተሩ እየነገረኝ ነው። ጠዋት ክዳኑን ስከፍት የራዲያተሩ ውሃ አይታይም። አንድ ሊትር ከግማሽ ጨመርኩ። የሚገርመው የፕላስቲኩ መጠባበቂያ እስከ ምልክቱ ሙሉ ነበር። ለካ ራዲያተሩ ሲቀዘቅዝ ውሃውን መልሶ መሳብ ካልቻለ መጠባበቂያው እንደሞላ ይቀራል። ያን ሁሉ ጊዜ እሱን ብቻ አይቼ «ውሃ አለ» እያልኩ ነበር።

እንግዲህ ውሃው የት ይሄዳል? መሬት ላይ ጠብታ የለም። ምንጣፉ ደረቅ ነው፤ መስታወቱ ላይ የሚጣፍጥ ሽታ ያለው ጉም የለም፤ ስለዚህ ትንሿ ራዲያተር አታፈስም። ቀጥሎ የመጣው የሚያስፈራው ነው፤ የቴስታታ ጋስኬት፣ ማለትም ከሞተሩ ራስ ስር ሆኖ ውሃ፣ ዘይትና የቃጠሎ ጋዝ እንዳይደባለቁ የሚለያየው ማሸጊያ። ዘይቱን አየሁ፣ የወተት ቡና አልመሰለም። ማርሚታው ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ነጭ ጭስ አይተፋም። ከቀዝቃዛ እንዳስነሳሁ የላይኛው ቱቦ ወዲያው አይወጠርም። አሁንም ስላላመንኩ ሰማያዊውን የመፈተሻ ፈሳሽ ተዋስኩ። ራዲያተሩ አፍ ላይ ተደርጎ ከውስጥ የሚወጣውን አየር ይስባል። የቃጠሎ ጋዝ ካለ ወደ ቢጫ ይቀየራል። አምስት ደቂቃ ዓይኔን ሳልነቅል አየሁት። ሰማያዊ ሆኖ ቀረ። የዚያን ቀን እንቅልፍ ተኛሁ።

በማግስቱ የግፊት መፈተሻ ፓምፕ ይዤ መጣሁ። ክዳኑ ላይ የተጻፈው 1.1 ባር ነው፤ እስከዚያው ድረስ ብቻ ነፋሁ፤ ከዚያ ማለፍ ጤነኛውን ቱቦ መቅደድ ነው። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ወደ 0.8 ወረደ። ባትሪ አብርቼ ታች ገባሁ። የውሃ ፓምፑ ሆድ ላይ ከተሠራችው ትንሽ ቀዳዳ ስር ቀጭን የደረቀ ነጭ መስመር አለ። ያቺ ቀዳዳ የተበሳችው የፓምፑ ማኅተም ሲያልቅ ውሃው በእሷ ወጥቶ እንዲታይ ነው። ውሃው ሲወጣ የጋለው ብረት ላይ ስለሚተን መሬት ሳይደርስ ያልቃል። ጠብታ ስጠብቅ የኖርኩት በከንቱ ነው።

ፓምፑን መቀየሩ ብዙ የሚወራለት አይደለም። ቺንጋው ይፈታል፣ ብሎኖቹ ይፈታሉ፣ እጅ ይላጣል። አየር ማስወጣቱን ግን አሁን እንደ ውሃ ጠጣሁት። ከዚያ ወዲህ ስካነር ሰክቼ ሳይ የሞተሩ ሙቀት ዳገት ላይም 89 እና 94 ዲግሪ መካከል ነው።

አልቋል ብዬ ነበር። ሂተሩ ግን ስነዳ ይሞቃል፣ ስቆም ይለዝባል። ኮፈኑን ከፍቼ ሁለቱን የሂተር ቱቦዎች ነካሁ። የመግቢያው እጅ ያቃጥላል፤ የመውጫው እንደ ተረሳ ሻይ ነው። ውሃው ይገባል፣ በደንብ አይወጣም፤ ተዘግቷል ማለት ነው። ሁለቱንም ፈታሁና በመውጫው በኩል ወደ ኋላ ዝግ ባለ ግፊት ውሃ ለቀቅኩባት። ጠንካራ ግፊት ስስ ቧንቧዋን ሊቀድ ይችላል። መጀመሪያ የወጣው ቀይ ጭቃ ነው፤ ቀጥሎ የዝገት ቅርፊት። አሥር ባልዲ ገደማ ላይ ጠራ። ጭቃው የማን እንደሆነ አውቃለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ በጎደለ ቁጥር ኩላንት ሳይሆን የቧንቧ ውሃ ስጨምር የኖርኩት እኔ ነኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። መንገድ ላይ ጌጁ ሲወጣ «ሂተሩን ጨርሰህ ክፈተው» የሚል ምክር ሰምታችሁ ይሆናል። እውነት ነው፤ ተጨማሪ ራዲያተር እንደማግኘት ነው። ከፍታችሁት የሚመጣው አየር ቀዝቃዛ ከሆነ ግን ውሃው ጎድሏል ወይም አይዞርም ማለት ነው። ያኔ «እስከ ቤት ትድረስልኝ» አይባልም። ዳር ይዛችሁ ሞተሩን አጥፉ። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት ሁለቴ እንደዚያ ነድቻለሁ፤ ቴስታታው እንዴት እንደተረፈ አሁንም ይደንቀኛል።

አሁን ያለሁበት፦ በሾፌሩ በኩል ፊት የሚያቃጥል አየር፣ በጎን ወንበሩ በኩል ለብ ያለ። ሁለቱም ቱቦዎች እኩል ይፋጃሉ፤ ስለዚህ ውሃው ሥራውን እየሠራ ነው። ጥርጣሬዬ ቀዝቃዛና ሙቅ አየር የምትከፍለው ክዳን ላይ ነው። ሙቀት ስቀይር ከዳሽቦርዱ ሆድ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ አለ። ቅዳሜ እፈታታለሁ። ዳሽቦርድ ሳያወርድ እዚያ የደረሰ ካለ ይንገረኝ።