ዐቢይ ጾምን በሲንጋፖር ኮፒቲያም፦ የሦስተኛ ዓመት ማስታወሻ

ከዘንድሮው ዐቢይ ጾም 55 ቀናት ውስጥ በ41ዱ ከቤቴ ውጪ በልቻለሁ። የበላሁትም ቶአ ፓዮህ በሚባለው የሲንጋፖር ሰፈር ውስጥ ከምኖርበት ሕንፃ ሥር ካለው ኮፒቲያምና ከእርሱ ጥቂት ራቅ ብሎ ከሚገኘው የሰፈሩ የምግብ አዳራሽ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከዳቦ፣ ከሙዝና ከአገር ቤት ከተላከልኝ ሽሮ ውጪ ምንም ለመቅመስ አልደፈርኩም፤ በሁለተኛው ዓመት ደግሞ፣ ቆይቼ እንደምገልጸው፣ የጾም ነው ብዬ ለወራት የበላሁት ምግብ የጾም አልነበረም። ስለዚህ 41 ቀን ለእኔ ትልቅ ቁጥር ነው። ለትምህርትም ሆነ ለሥራ ወደዚህ የምትመጡ፣ እንዲሁም ማሌዥያ ውስጥ ኩዋላ ላምፑርና ፔናንግ የምትኖሩ እኅቶችና ወንድሞች እኔ ከጀመርኩበት ሳይሆን ከደረስኩበት እንድትነሡ በማለት የማስታወሻ ደብተሬን ፍሬ ነገር አስፍሬላችኋለሁ።

ኮፒቲያም ቡና ከሚለው የማላይ ቃል፣ “ኮፒ”፣ እና ሱቅ ከሚለው የሆኪየን (የደቡብ ቻይና ቋንቋ) ቃል፣ “ቲያም”፣ የተገጠመ ስም ነው። እኛ ዘንድ “ቡና ቤት” ሲባል መጠጥ ቤት ስለሚታሰብ ቃሉን እንዳለ ትቼዋለሁ። ግድግዳ የሌለው ሰፊ ወለል ላይ ክብ ጠረጴዛዎች ተደርድረዋል፤ ዙሪያውን እያንዳንዳቸው አንድ ወይም ሁለት ዓይነት ምግብ ብቻ የሚሠሩ ትንንሽ መደቦች አሉ፤ መጠጡን የሚሸጠው ደግሞ የራሱ መደብ ያለው ቡና አፍዪ ነው። ሆከር ሴንተር የሚባለው ከዚህ ይሰፋል። መንግሥት በየመንገዱ ይሸጡ የነበሩትን ምግብ ሻጮች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ያስገባባቸው አዳራሾች ሲሆኑ፣ ባህሉ በ2020 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል። ሥርዓቱን ለመልመድ ሁለት ሳምንት ይበቃል፦ ጠረጴዛ ላይ የሶፍት እሽግ ካያችሁ ቦታው ተይዟል፤ የበላችሁበትን ትሪ ራሳችሁ ትመልሳላችሁ፤ የሙስሊም መደቦች ዕቃ የሚመለስበት መደርደሪያ ለብቻው ስለሆነ አታቀላቅሉ። ሻጮቹን “አንቲ” እና “አንክል” ማለት ይገባል፤ እኛ “እትዬ” እና “ጋሼ” የምንለውን ያህል የከበረና የቀረበ አጠራር ነው።

ቡና ማዘዝ አንድ ወር ፈጅቶብኛል። “ኮፒ” ብቻ ካላችሁ ጣፋጭ የቆርቆሮ ወተት ያለበት ይመጣል፤ “ኮፒ ሲ” ጣፋጭ ያልሆነ የቆርቆሮ ወተትና ስኳር ያለበት ነው፤ “ኮፒ ኦ” ጥቁር ቡና ከነስኳሩ ሲሆን “ኦ” በሆኪየን ጥቁር ማለት ነው። በዚህ ላይ “ኮሶንግ” ብትጨምሩበት፣ በማላይ ባዶ ማለት ስለሆነ፣ ስኳሩ ይቀራል፤ “ጋው” ወፍራም፣ “ፖህ” ቀጭን፣ “ፔንግ” ደግሞ በረዶ የገባበት ነው። እኔ “ኮፒ ኦ ኮሶንግ ጋው” እላለሁ። ወደ ቡናው በመጨረሻ እመለሳለሁ፤ ዋናው ችግሬ ግን ምግቡ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ከአንድ የኑድል መደብ ረቡዕና ዓርብ ደረቅ ኑድል ያለ ሥጋ አዝዝ ነበር። “ሥጋ አለው?” ብዬ በማንዳሪን ቻይንኛ እጠይቃለሁ፤ “የለውም” እባላለሁ፤ ተመስገን ብዬ እበላለሁ። ከላዩ የሚነሰነሰውን ቡናማ ፍርፋሪ የተጠበሰ ቀይ ሽንኩርት አድርጌ ወስጄው ነበር። አንድ ረቡዕ ወረፋው ረዝሞ ከምድጃው አጠገብ ስቆም፣ ሻጩ ኑድሉን ከማፍሰሱ በፊት ከሳህኑ ሥር ከጣሳ የተጨለፈ የለሰለሰ ነጭ ስብ ሲያኖር አየሁ። ምን እንደሆነ ስጠይቀው የአሳማ ስብ እንደሆነ፣ ፍርፋሪውም ስቡ ሲነጠር የቀረው መሆኑን ሳይደብቅ ነገረኝ፤ ጣዕሙን የሚሰጠው እርሱ ነውና ሊጨምርልኝም ፈለገ። ከአራት ወር በላይ በጾም ቀን፣ ያውም የአሳማ ስብ በልቻለሁ ማለት ነው። የዚያን ቀን ማታ ለንስሐ አባቴ ደውዬ ነገርኳቸው፤ ያዘዙኝንም ፈጸምኩ። ይህን የምጽፈው ሻጩን ለመውቀስ አይደለም። ሥጋ አለው ወይ ብዬ ጠየቅኩት፣ ሥጋ የለውም ብሎ መለሰልኝ፤ ስብ በእርሱ ዘንድ ሥጋ ሳይሆን ዘይት ነው። እንዲያውም በማንዳሪን “ሮው”፣ ሥጋ ማለት፣ ሌላ ስም ሳይቀጠልበት ሲነገር በአብዛኛው የሚታሰበው የአሳማ ሥጋ ነው፤ ጥያቄዬ ከመነሻው የጠበበ ነበር።

ከዚያ በኋላ የወሰድኩት መንገድም የተሳሳተ ነበር። የማልበላቸውን ነገሮች ሁሉ በቻይንኛ ያስጻፍኩበት ወረቀት ይዤ መዞር ጀመርኩ፦ የአሳማ ስብ፣ የዶሮ ስብ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ቅቤ፣ ሽሪምፕ የሚባለው ትንሽ የባሕር እንስሳ ደረቅ፣ የዓሣ ሶስ፣ ኦይስተር ከሚባለው ዛጎል ለበስ የባሕር እንስሳ የሚሠራ ሶስ፣ የአጥንት መረቅ። ዝርዝሩ ትክክል ነበር፤ ታዋቂው የሀይናን ዶሮ የሚቀርብበት ሩዝ ራሱ የሚበስለው በዶሮ ስብ ነው፤ በየጠረጴዛው የሚቀመጠው ቃሪያ ድልህ ብዙ ጊዜ የሽሪምፕ ልቁጥ አለበት፤ ንጹሕ ውኃ የሚመስለውም ሾርባ ወይ የአሳማ አጥንት ወይ ትንንሽ ደረቅ ዓሣ የተቀቀለበት ነው። ነገር ግን በምሳ ሰዓት አሥራ አምስት ሰው ከኋላዬ ተሰልፎ ሳለ ወረቀት አንብቢልኝ ማለት ሻጯን ማስጨነቅ ነው። አንዳንዶቹ ለመገላገል “ይቻላል፣ ይቻላል” ይሉኛል፤ ሌሎቹ እጃቸውን አወዛውዘው ይመልሱኛል። ስልክ ላይ በሚጫን ተርጓሚ ሰሌዳውን ፎቶ እያነሣችሁ ማንበብም አይረዳም፤ ሰሌዳው የምግቡን ስም እንጂ በምን እንደተጠበሰ አይናገርም።

መፍትሔው የመጣው ከወረቀቱ ሳይሆን ከጠረጴዛ ነው። ቦታ በጠበበ ቀን እዚህ ከማያውቁት ሰው ጋር መቀመጥ የተለመደ ነው፤ ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ወረቀቴን አዩና “ጂያ ጫይ?” አሉኝ። በሆኪየን ቃል በቃል አትክልት መብላት ማለት ነው፤ ሲነገር ግን በእምነት ምክንያት ከእንስሳት ምግብ መከልከልን ያመለክታል። እርሳቸው በጨረቃ ወር በ1ኛውና በ15ኛው ቀን እንደሚከለከሉ ነገሩኝ፤ እኔም ረቡዕና ዓርብ፣ በዚህ ወቅት ደግሞ 55 ቀን አልኳቸው። ተነሥተው ራሳቸው ወደ አንድ መደብ ወሰዱኝ።

ለካስ እኛ “የጾም ነው?” ብለን በአንድ ቃል የምንጨርሰውን ነገር እነርሱም በአንድ ቃል ይጨርሱታል። በዝርዝር ስጠይቅ ምግብ አማራጭ ሰው ነበርኩ፤ “ጂያ ጫይ” ስል ግን ጾመኛ ሆንኩ፤ ጾመኛን ደግሞ የቻይና ምግብ ሻጭ ከአያቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ስብ ብቻ ሳይሆን መጥበሻውም፣ ጭልፋውም ይለይ እንደሆነ ያለ ጥያቄ ይነግራችኋል፤ ካልቻለም በግልጽ “እኔ ጋ አይሆንም፣ እዚያ ሂድ” ብሎ ያመለክታችኋል። ስለዚህ ከዚህ ማስታወሻ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህችን ቃል ውሰዱ፤ ከእርሷም ጋር የጾም መደብ ሰሌዳ ላይ ጎላ ብሎ የሚጻፈውን፣ “ሱ” ተብሎ የሚነበበውን የቻይንኛ ፊደል (素) ቅርጽ በዓይናችሁ አጥኑ።

እዚህ ላይም ስሕተት ሠርቻለሁ። “ሱ” የሚለውን ካየሁ በኋላ ሁሉ ነገር የጾም መስሎኝ ሦስት ሳምንት ያህል ሳልጠይቅ በላሁ፤ ነገር ግን ከእነዚህ መደቦች ብዙዎቹ እንቁላልና ወተት ይፈቅዳሉ፤ አስመስለው ከስንዴ ፕሮቲንና ከአኩሪ አተር የሚሠሩት “ሥጋም” አንዳንዴ የእንቁላል ነጭ አለበት። በሌላ በኩል በቡድሂስት ሥርዓት ነጭና ቀይ ሽንኩርት ይከለከላሉ፤ የእኛ የጾም ወጥ የሚጀምረው በቀይ ሽንኩርት ስለሆነ ምግቡ መጀመሪያ ላይ አንድ ነገር የጎደለው ይመስላችኋል። አሁን “ቡ ያው ዳን”፣ እንቁላል አልፈልግም፣ የምትለዋን ሁልጊዜ እጨምራለሁ። ስለ አስመሳዩ ሥጋ ያለኝ አስተያየት ጥብቅ ነው፦ የጾም ቢሆንም በዐቢይ ጾም መብላት የለብንም ብዬ አምናለሁ፤ ሰውነት ሥጋ እንደበላ እየተሰማው የሚያልፈው ቀን ጾሙን ያሳሳዋል። ይህን እያልኩ ከቶፉ ቆዳ፣ የአኩሪ አተር ወተት ሲፈላ ከላዩ ከሚረጋው ስስ ሽፋን፣ የሚሠራውንና ዝይ ብለው የሚጠሩትን ጥብስ ዘንድሮ አራት ጊዜ በልቼዋለሁ።

ሁለተኛው እንቅፋት ሰዓት ነው። ዋናው የጾም ምግቤ፣ ከጥቅል ጎመን ጋር የተጠበሰ ቀጭን የሩዝ ኑድል፣ እዚህ የቁርስ ምግብ ነው፤ በእኔ ሰፈር ከንጋቱ 12 ሰዓት ይጀምርና ከቀኑ 7 ሰዓት በፊት መደቡ ይዘጋል። እኔ ደግሞ ከሰኞ እስከ ዓርብ እስከ 9 ሰዓት አልበላም። ቅዳሜና እሑድ ችግር የለም፤ በሌሎቹ ቀናት ግን ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ “ታፓው” ብዬ፣ የሚወሰድ ማለት ነው፣ በወረቀት አስጠቅልዬ እይዛለሁ። ሲቀዘቅዝ ይጣበቃል፤ ሁለት ማንኪያ የፈላ ውኃ አፍስሳችሁ ብትከድኑት ይለያያል። በጨረቃ ወር 1ኛና 15ኛ ቀን ግን ወረፋው ስለሚረዝም ግማሽ ሰዓት ቀድሜ እነሣለሁ፤ እነዚህን ቀናት ከባሕረ ሐሳቤ ጎን በቀን መቁጠሪያዬ ላይ ምልክት አድርጌባቸዋለሁ። የሰፈራችሁ መደብ ከተዘጋ ዋተርሉ ጎዳና ላይ ባለው የጓን ዪን ቤተ መቅደስ አካባቢ ብዙ የጾም ምግብ ቤት ታገኛላችሁ።

ከሁሉ የወደድኩት ሀካ የተባለው የቻይና ሕዝብ “ሌይ ቻ” የሚለውን ነው፦ ሩዝ፣ በላዩ በደቃቁ የተከተፈ ጎመን፣ ፎሶልያ፣ ከአኩሪ አተር ወተት የሚረጋው ቶፉና የተቆላ ለውዝ፤ ለብቻው ደግሞ ከሻይ ቅጠል፣ ከሰሊጥ፣ ከለውዝና ከቅጠላ ቅጠል የተፈጨ አረንጓዴ መረቅ ይመጣል። ደረቅ ዓሣና ሽሪምፕ ስለሚነሰንሱበት አስቀድማችሁ አስቀሩት። የመጀመሪያው ጉርሻ መራራ ነው፤ ሦስተኛው ላይ በተልባና በሱፍ ፍትፍት ያደገ ሰው ልቡ ይከፈታል። ከጣፋጩ የአኩሪ አተር ወተትና ከእርሱ የሚረጋው ለስላሳ “ታው ሁዌይ” ለጾም ይሆናሉ። “ካያ” የሚቀባበት የተጠበሰ ዳቦ ግን ኮኮናት ቢሸትም እንቁላልና ቅቤ አለበት።

ያልፈታሁት ቡናው ነው። የኮፒቲያም ቡና በአብዛኛው ሮቡስታ የሚባለው የቡና ዝርያ ሲሆን፣ በባህላዊው አቆላል ከስኳርና ከቅቤ ወይም ከማርጋሪን ጋር እስኪጠቁር ድረስ ይቆላል፤ ያ ወፍራም፣ የተቃጠለ ስኳር የሚሸተው ጣዕሙም የሚመጣው ከዚያ ነው። ይህን ያወቅሁት በሁለተኛው ዓመት ማብቂያ ላይ ነው፤ ጥቁር ስለሆነ ብቻ በጾም ቀን ስንት ስኒ እንደጠጣሁ አልቆጠርኩትም። ቡና አፍዪውን አንክል ስጠይቃቸው ቡናው ተቆልቶ ተፈጭቶ እንደሚመጣላቸው፣ ቡናውን የሚቆላው ሰው ምን እንደሚጨምር በትክክል እንደማያውቁ ነገሩኝ። ንስሐ አባቴም “ካልተረጋገጠ ተወው” አሉኝ። በመሆኑም 55ቱን ቀን ከቡና አገር የመጣሁት ሰው “ቴ ኦ”፣ ጥቁር ሻይ፣ ስጠጣ ከረምኩ።

በደብረ ዘይት ሳምንት ግን ከእናቴ የመጣውን ጥሬ ቡና ቤቴ ቆልቼ፣ ፈጭቼ፣ ሰው ባልበዛበት ሰዓት፣ ከ9 ሰዓት በኋላ፣ ለአንክል ወሰድኩላቸው፤ በዚያ ረጅም የጨርቅ ማጥለያቸው እንዲያጠልሉልኝም ለመንኳቸው። ማጥለያው የእርሳቸው ቡና ቅባት ስላለበት አዲስ አወጡልኝ፤ እኔ ሳልጠይቅ ይህን ማሰባቸው በጣም ነካኝ። የፈላውን ውኃ ከላይ አፍስሰው፣ ከአንዱ ማንቆርቆሪያ ወደ ሌላው ሁለቴ መላልሰው፣ ለእኔ አንድ፣ ለራሳቸው ደግሞ ግማሽ ስኒ ቀዱ። ቀመሱና ቀስ ብለው “ፖህ” አሉ፤ ቀጭን፣ ጎምዘዝ ያለም ነው አሉኝ። ለፍልሰታ ጠቆር አድርጌ እቆላዋለሁ፤ አዲሱን ማጥለያም ስሜን ጽፈውበት ከመደርደሪያው ጥግ ሰቅለውልኛል።