የቀበና ወንዝ ደለል ከየት ይመጣል? በሬር ኧርዝ ንጥረ ነገሮች ምንጩን የተከታተልኩበት መንገድ

በክረምት ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና የሚወርድ ሰው በድልድዩ ሥር የሚያልፈው ውሃ ምን ያህል እንደደፈረሰ ሳያስተውል አይቀርም። ያ ውሃ የተሸከመው ደለል ከእንጦጦ ተዳፋት ታጥቦ የወረደ አፈር ነው ወይስ በከተማዋ መሐል ለሕንፃ መሠረትና ለመንገድ ከሚቆፈረው መሬት የወጣ? ቀበና ከትልቁ አቃቂ ጋር ተቀላቅሎ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ የሚሄድ በመሆኑ፣ ግድቡን ከደለል ለመታደግ የሚመደበው ገንዘብ በተራራው ላይ ለእርከንና ለችግኝ ይዋል ወይስ ቁፋሮን ለመቆጣጠር የሚለው ውሳኔ በዚህ ጥያቄ መልስ ላይ ይመሠረታል። ሥራውን የጀመርኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ሬር ኧርዝ የሚባሉት ከላንታነም እስከ ሉቴቲየም፣ በአቶም ቁጥር ከ57 እስከ 71 ያሉት ንጥረ ነገሮች ናቸው። የተረጋጋ አይሶቶፕ የሌለውን ፕሮሜቲየምን ትተን አሥራ አራቱን በአለት ውስጥ መለካት ይቻላል። ለደለል ጥናት የተመረጡበት ምክንያት በውሃ በቀላሉ አለመሟሟታቸው ነው፤ አለቱ ፈርሶ አፈር ሲሆንም ሆነ አፈሩ በጎርፍ ሲጓዝ አብዛኞቹ ከጠጣሩ ክፍል ጋር ይቆያሉ፤ እርስ በርስ ያላቸው መጠንም በእጅጉ ሳይዛባ ይዘልቃል። ከመካከላቸው ለእኔ ሥራ ዋነኛው ዩሮፒየም ነው። ዩሮፒየም በቅልጥ አለት ውስጥ እንደ ሌሎቹ ባለ ሦስት ቻርጅ ብቻ ሳይሆን ባለ ሁለት ቻርጅም ስለሚሆን፣ በፕላጅዮክሌዝ ማዕድን ውስጥ የካልሲየምን ቦታ ይይዛል። ስለዚህ ፕላጅዮክሌዙ ተለይቶ ከቀረ በኋላ የተረፈው ቅልጥ አለት ራዮላይት የተባለው ሲሊካ የበዛበት የእሳተ ገሞራ አለት ሆኖ ሲወጣ የዩሮፒየም ጉድለት ይታይበታል።

ለንጽጽር ያህል የዓባይን ተፋሰስ ብንወስድ ነገሩ ቀለል ይላል፤ የኢትዮጵያ ደጋ ባዛልትና የነጭ ዓባይ ተፋሰስ ጥንታዊ ግራናይትና ናይስ በኬሚስትሪያቸው ተራርቀው የቆሙ ናቸው። አዲስ አበባ ግን ከእንጦጦ ራዮላይትና ትራኪት እስከ ከተማው ባዛልትና ኢግኒምብራይት ድረስ በእሳተ ገሞራ አለት ላይ የተቀመጠች ስለሆነች ልዩነቱን በጥንቃቄ መፈለግ ይጠይቃል። ስለዚህ አንድም የወንዝ ናሙና ሳልወስድ በፊት አለቶቹንና በላያቸው ያለውን አፈር ሰበሰብኩ። ከሁሉም ትምህርቶች የማስቀድመው ይህን ነው፦ የሌላ ሀገር ራዮላይት በመጽሐፍ የታተመ አማካይ ዋጋ ስለ እንጦጦ ራዮላይት ሊመሰክር አይችልም። አፈሩን ከአለቱ ጎን ለጎን መውሰድም ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ከሬር ኧርዞቹ አንዱ የሆነው ሴሪየም በአየር ተኦክሳይዶ ከብረትና ከማንጋኒዝ ኦክሳይድ ጋር ስለሚጣበቅ፣ በአፈር ውስጥ የሚታየው የሴሪየም መብዛት ወይም ማነስ ስለ አየር ንብረትና ስለ አፈር አፈጣጠር እንጂ ስለ ምንጭ አለቱ ብዙ አይነግረንም። ሴሪየምን ከምንጭ መለያዎቼ ያወጣሁት በዚህ ምክንያት ነው።

የወንዙን ናሙና የወሰድኩት ዝናቡ ካበቃ በኋላ፣ ጎርፉ በወንዙ መታጠፊያዎች ካስቀመጠው ጭቃ ነው። ናሙናዎቹን ሁሉ፣ የአለቱን አፈር ጨምሮ፣ በ63 ማይክሮሜትር ወንፊት አጥልዬ ከዚያ ያነሰውን ብቻ አስመረመርኩ። አሸዋ ውስጥ ኳርትዝ ሲበዛ የሬር ኧርዙ መጠን ይቀንሳል፤ ዚርኮን የተባለው ማዕድን ጥቂት ቅንጣቶች ሲገቡ ደግሞ ይተርቢየምና ሉቴቲየም ያለ ልክ ከፍ ይላሉ። የአንዱን ቦታ አሸዋ ከሌላው ቦታ ጭቃ ጋር ያነጻጸረ ሰው የለካው የውሃውን ጉልበት ነው ማለት ይቻላል።

ልኬቱ የተሠራው ንጥረ ነገሮችን በክብደታቸው ለይቶ በሚለካው አይ ሲ ፒ ኤም ኤስ በተባለው መሣሪያ ነው፤ ከቤተ ሙከራው ጋር አስቀድሜ የተነጋገርኩባቸው ሁለት ጉዳዮች ነበሩ። አንደኛው ናሙናው የሚሟሟበት ዘዴ ነው። ዚርኮን ክፍት ዕቃ ውስጥ በሃይድሮፍሎሪክ አሲድ በሚገባ ስለማይሟሟ፣ ናሙናው ከሊቲየም ቦሬት ጋር ቀልጦ እንዲዘጋጅ ጠየቅሁ። ሁለተኛው የባሪየም ጉዳይ ነው። ባሪየም በመሣሪያው ውስጥ ከኦክስጅን ጋር ሲጣመር ክብደቱ 151 እና 153 ይሆናል፤ ይህም ልክ የሁለቱ የዩሮፒየም አይሶቶፖች ክብደት ነው። እንደ ትራኪት ያለ ባሪየም ሊበዛበት የሚችል አለት ያለ እርማት ከተለካ ሐሰተኛ ዩሮፒየም ይጨመርለትና የምንፈልገው ጉድለት ይሸፈናል። ስለሆነም የኦክሳይዱን መጠን የሚያሳየውን ሰነድ ሳላይ ውጤት አልቀበልም፤ ከናሙናዎቼ ጋርም ቢ ሲ አር 2 የተባለውን የባዛልት እና አር ጂ ኤም 2 የተባለውን የራዮላይት ማመሳከሪያ ዱቄት አብሬ አስለካለሁ። ሁለቱንም ጫፍ የማይሸፍን ማመሳከሪያ በቂ አይደለም።

ቁጥሮቹ ሲመጡ እንዳሉ በግራፍ ቢቀመጡ የአቶም ቁጥራቸው ተጋማሽ የሆኑት ቁጥራቸው ጎዶሎ ከሆኑት ስለሚበዙ መጋዝ መሰል መስመር ይወጣል፤ ስለዚህ በአንድ ማመሳከሪያ መከፈል አለባቸው። ብዙ የደለል ጥናት የሚከፍለው ፓስ በሚባለው የአውስትራሊያ የጭቃ ድንጋይ አማካይ ነው። እኔ ኮንድራይት የተባለውን ሜትዮራይት፣ ማለትም ከጠፈር የወደቀ ድንጋይ፣ መርጫለሁ። የዩሮፒየም ንጽጽር የምለው በዚህ ከተከፈለ በኋላ ዩሮፒየም ለሁለቱ ጎረቤቶቹ፣ ለሳማሪየምና ለጋዶሊኒየም፣ አማካይ ሲካፈል የሚገኘውን ነው፤ ከ1 ሲያንስ ጉድለት አለ ማለት ነው። የአውስትራሊያው አማካይ ራሱ ከኮንድራይት ጋር ሲነጻጸር ንጽጽሩ 0.65 ገደማ የሆነ የዩሮፒየም ጉድለት ስላለበት፣ ምንም ጉድለት የሌለው ባዛልት በእርሱ ሲከፈል የዩሮፒየም ትርፍ ያለው መስሎ ይታያል፤ አንባቢንም ያሳስታል።

እጅግ ጊዜ የወሰደብኝና ከማንኛውም ክፍል ይልቅ የተማርኩበት የቅልቅል ስሌቱ ነው። አቦልና በረካ እኩል ቢቀላቀሉ ጣዕሙ ወደ አቦሉ እንደሚያደላ ሁሉ፣ የደለሉም ንጽጽር ወደ ሬር ኧርዝ ወደበዛበት አለት ያደላል። በምሳሌ እንየው። በኮንድራይት ሲከፈሉ የባዛልቱ ሳማሪየም፣ ዩሮፒየምና ጋዶሊኒየም እያንዳንዳቸው 20 ቢሆኑ የዩሮፒየም ንጽጽሩ 1 ነው፤ የራዮላይቱ ሳማሪየምና ጋዶሊኒየም 80፣ ዩሮፒየሙ 24 ቢሆን ንጽጽሩ 0.30 ይሆናል። ሁለቱ በክብደት እኩል ሲቀላቀሉ ዩሮፒየሙ 22፣ ጎረቤቶቹ 50 ስለሚሆኑ የምናገኘው 0.44 ነው። የሁለቱን ንጽጽር አማካይ፣ 0.65ን፣ የጠበቀ ሰው 0.44ን አይቶ ደለሉ በአብዛኛው ከራዮላይት መጣ ይላል፤ እውነታው ግን ግማሽ በግማሽ ነው። ቅልቅል ሁልጊዜ በየንጥረ ነገሩ መጠን ተሰልቶ በመጨረሻ ብቻ ወደ ንጽጽር መለወጥ አለበት። የላንታነምና የይተርቢየም ንጽጽርም ለዚሁ ሕግ ይገዛል።

በእኔ ናሙናዎች ከእንጦጦ ግርጌ ያለው ጭቃ ጥልቅ የዩሮፒየም ጉድለት ነበረው፤ ወንዙ ከተማውን እያቋረጠ ሲወርድ ጉድለቱ እየሳሳ፣ የባዛልቱ ድርሻም እያደገ ሄደ። በዓይን ሲታይ ለውጡ ትንሽ ነበር፤ በስሌቱ ሲታይ ግን ቀላል የሚባል አልነበረም። ከግንባታ ቦታዎች አጠገብ የተወሰዱትን ናሙናዎች ለብቻቸው አስቀመጥኳቸው፤ ኮብልስቶን፣ ቀይ አሸዋና ሲሚንቶ ከሌላ አካባቢ ተጭነው የሚመጡ ስለሆኑ የወንዙ ተፋሰስ የማያውቀውን ኬሚስትሪ ይዘው ይገባሉ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሬር ኧርዝ የሚናገረው ስለ አለቱ ነው፤ ከባዛልት የመጣው አፈር ከጓሮ በዝናብ ታጥቦ ይሁን ከጥልቅ መሠረት ተቆፍሮ አይለይም። ለዚህ ሁለተኛ ጥያቄ ሲዚየም 137 የተባለው ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር ይጠቅማል፤ በፈረንጆቹ 1950ዎቹና 60ዎቹ ከተደረጉት የኑክሌር ሙከራዎች ከሰማይ ወርዶ በላይኛው አፈር ላይ ስለቀረ፣ ከጥልቀት የወጣ አፈር አይኖረውም። የግማሽ ዕድሜው 30 ዓመት ገደማ ስለሆነ መጠኑ እየቀነሰ ቢመጣም፣ ከየናሙናው ለዚህ ልኬት የሚበቃ ጭቃ አስቀርቻለሁ፤ ተመሳሳይ ሥራ ለሚጀምሩም ከመጀመሪያው ቀን በርከት አድርገው እንዲወስዱ እመክራለሁ፤ የዘንድሮው ጎርፍ ያስቀመጠውን ጭቃ የሚቀጥለው ክረምት ጠርጎት ይሄዳል።