«በአንድ ሠራተኛ ጥቆማ»

ይህ ገጠመኝ ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ የዱቄት ፋብሪካ ውስጥ የጥገና ፈረቃ ኃላፊ ሆኜ ስሠራ የደረሰብኝ ነው። ነገሩ የአንድ ወንፊት ማሽን ብልሽት ቢሆንም፣ ያለ አንድ አሜሪካዊ ድራመር ታሪክ ልነግረው ስለማልችል ከእርሱ እጀምራለሁ።

የክላይድ ስታብልፊልድን ምት የወደድሁት ስሙን ከማወቄ ከብዙ ዓመታት በፊት ነው። ባደግሁበት በደሴ፣ ታላቅ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ያመጣው አንድ የጄምስ ብራውን ካሴት ነበረን። ሰዎች ዓለማየሁ እሸቴን «የኢትዮጵያው ጄምስ ብራውን» ይሉት ስለነበር፣ እኛም ፈረንጁን ዘፋኝ የለየነው በእኛው ዘፋኝ በኩል ነበር። ካሴቱን ስሰማ ግን ጆሮዬን የያዘው ዘፋኙ ሳይሆን ከኋላው የሚመታው ሰው ነው። ስሙን ለማግኘት የካሴቱን ወረቀት ከፊትም ከጀርባም አገላበጥሁት፤ አልነበረም። የአገራችንም ካሴቶች ያው ነበሩ፤ የዘፋኙ ስም በትልቁ፣ የባንዱ ስም በትንሹ ይጻፍና ድራም የመታው ሰው ማን እንደሆነ የሚያውቁት አብረውት የተጫወቱት ብቻ ይሆናሉ።

ስሙን ካወቅሁ በኋላ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብሁ። ስታብልፊልድ እ.ኤ.አ. በ1943 ቴነሲ ውስጥ ቻታኑጋ በተባለች ከተማ ተወለደ። የሙዚቃ ትምህርት ቤት አልገባም፤ ኖታም አያነብም ነበር። የምት ፍቅር ያደረበት በልጅነቱ ከሚሰማቸው ድምፆች እንደሆነ ራሱ ተናግሯል፦ እየተነፈሰ የሚመታ የፋብሪካ ድምፅ ተራራው ላይ ደርሶ ሲመለስ፣ ባቡር ሐዲዱን እየቆጠረ ሲያልፍ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሲንገጫገጭ። ይህን ያነበብሁ ዕለት ከልቤ ተደስቻለሁ፤ ምክንያቱም ኮምቦልቻም በተራሮች መካከል የተቀመጠች የፋብሪካ ከተማ ናት፤ በሌሊት ፈረቃ ወደ ግቢው ወጥቶ የቆመ ሰው የማሽኖቹን ድምፅ አንዴ ከሕንፃው፣ አንዴ ደግሞ ከተራራው በኩል ይሰማዋል።

ስታብልፊልድ በ1965 ከጄምስ ብራውን ባንድ ጋር መሥራት ጀመረ። ኅዳር 20 ቀን 1969 በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ሲንሲናቲ ከተማ ውስጥ «ፈንኪ ድራመር» የተባለውን ሙዚቃ ሲቀርጹ፣ ሌሎቹ ተጫዋቾች ዝም ብለው ድራሙ ብቻውን የቀረበት ሃያ ሰከንድ ያህል የሚሆን ክፍል አለ። ስምንት ባር (እያንዳንዱ አራት ምት) ናት፤ በቃ። ትልልቆቹን ምቶች ማንም ሰው ጠረጴዛ ላይ ሊመታቸው ይችላል። ነገሩ ያለው በትልልቆቹ መካከል፣ ግራ እጁ ስኔር የሚባለውን ከበሮ በጣም በስሱ እየነካ በሚጥላቸው፣ የሚሰሙ በማይመስሉ ትንንሽ ምቶች ላይ ነው። እነዚያን ብታወጧቸው ምቱ ይሄዳል፣ ነገር ግን አይራመድም። እነዚህን ትንንሽ ምቶች ለይቼ ለመስማት ብቻ ዓመታት ፈጅቶብኛል።

ከ1980ዎቹ ጀምሮ የሂፕ ሆፕ አቀናባሪዎች ያችን ክፍል እየቆረጡ በራሳቸው ሥራ ውስጥ ይደጋግሟት ጀመር፤ ከ1,000 በሚበልጡ ቅጂዎች ውስጥ ገብታለች። ሮከኞቹም አልረሱትም፤ ጋርቤጅ የተባለው የሮክ ባንድ በ1995 ባወጣው የመጀመሪያ አልበም ላይ ድራም መትቷል። የ«ፈንኪ ድራመር» ደራሲ ተብሎ የተመዘገበው ግን ጄምስ ብራውን ብቻ ነው። ስታብልፊልድ የተከፈለው የባንድ አባልነቱ ደመወዝ ሲሆን፣ ምቱ በዓለም ዙሪያ ሲሸጥ ከባለቤትነት ክፍያው ምንም አልደረሰውም። እኔን ሁልጊዜ የሚከነክነኝ የሙዚቃው ርእስ ነው። ርእሱ ስለ እርሱ ይናገራል፤ ጄምስ ብራውንም በቅጂው ላይ ድራመሩን እያነሣ ይጣራል፤ ሁለቱም ግን የሚሉት «ድራመሩ» ብቻ ነው። ሙያው ተጠራ፣ ሰውየው አልተጠራም።

ኑሮውን ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ማዲሰን በምትባል ከተማ አድርጎ፣ ሰኞ ሰኞ ማታ በአንድ ክበብ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ተጫወተ። በካንሰር በታመመ ጊዜ 90,000 ዶላር ያህል የደረሰ የሕክምና ዕዳውን የከፈለለት ዘፋኙ ፕሪንስ ሲሆን፣ ይህም የታወቀው ፕሪንስ ካረፈ በኋላ ነው። ስታብልፊልድ በየካቲት 2009 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2017) በ73 ዓመቱ ዐረፈ። የዚያን ሌሊት በፈረቃዬ ላይ የነበሩት ሁሉ ሙዚቃውን ሁለት ጊዜ እንዲሰሙ አድርጌያለሁ።

እንግዲህ በፋብሪካው ውስጥ ይህን ታሪክ ከእኔ ያልሰማ ሰው አልነበረም። አዲስ ተለማማጅ በመጣ ቁጥር፣ ኩሽኔታ እንዴት እንደሚቀየር ሳስተምር እንኳ፣ ማሽን በጆሮ ይታወቃል እልና ወደ ስታብልፊልድ እገባለሁ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ያሉት ወንፊቶች በደቂቃ 200 ዙር ያህል ይሽከረከራሉ፤ «ፈንኪ ድራመር» ደግሞ በደቂቃ 100 ምት ያህል ስለሚሄድ፣ ወንፊቱ ሁለት ሲዞር ድራሙ አንድ ይላል። በሌሊት ፈረቃ ያን ፎቅ ስዞር ምቱን በማሽኑ ላይ በሐሳቤ እየጫንሁ እሰማው ነበር። በጆሮዬ እተማመን ነበር፤ ሌሎችም ይተማመኑበት ነበር።

በዚያ ፎቅ ላይ የጽዳት ሥራ የሚሠሩ አንዲት እናት ነበሩ። ሁላችንም «እትዬ» እንላቸዋለን። የወደቀውን ዱቄት ይጠርጋሉ፤ በወንፊቶቹ መካከል እየተሽሎከለኩ ከማናችንም የበለጠ ሰዓት እዚያ ያሳልፋሉ። አንድ ሌሊት፣ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ወደ ጥገና ክፍል ወርደው መጡ።

«ወንድምዓለም፣ ያ በመስኮቱ በኩል ያለው ወንፊት ዛሬ ይንተባተባል» አሉኝ።

ወጥቼ ሰማሁት። እጄን በአካሉ ላይ አሳረፍሁ፣ ሞተሩን ነካሁ፣ የሙቀቱን መጠን አየሁ፤ ሁሉም እንደወትሮው ነበር። «አብሽሩ፣ ደህና ነው» ብያቸው ተመለስሁ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እንደገና መጡ፤ በዚህ ጊዜ መጥረጊያቸውን ሳይዙ ነው የመጡት።

«አንዷን ምት ይውጣል። ደግሞ ሁልጊዜ አይደለም፤ ይቆይና ይውጣል። ድቤ መቺ እጁ ሲዝል እንደዚህ ነው የሚያደርገው።»

እትዬ ያደጉት መንዙማ በሚባልበት ቤት ነው፤ በልጅነታቸው ድቤ ይመቱ እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት ግን ያሳሰበኝ ማሽኑን ማቆም የሚያስከትለው ነገር ነበር። አንድ ወንፊት ሲቆም ወደ እርሱ የሚልከው መፍጫ ይቆማል፣ ስንዴው በቱቦ ውስጥ ይታፈናል፣ ጠዋት ደግሞ «ለምን?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ቢሆንም ሁለት ጊዜ ደረጃ የወጡና የወረዱ ሴት ፊታቸው ላይ ያየሁት ነገር ስላላስቻለኝ አቆምሁት።

ወንፊቱ ብዙ ኩንታል የሚመዝን ሣጥን ሲሆን፣ ከጣሪያው ብረት ጋር በአራት ማዕዘን በሚገኙ ተጣጣፊ ዘንጎች ተንጠልጥሎ ነው የሚሽከረከረው። በመብራት ስንመረምረው በመስኮቱ በኩል ባለው ማዕዘን የአንዱ ማጥበቂያ ብሎን ላልቶ፣ ዘንጉ እየተንሸራተተ ራሱን ሲፈገፍግ ቆይቷል፤ ከማጥበቂያው ሥር ጣት የሚያስገባ ባይሆንም ጥፍር የሚይዝ ስንጥቅ አገኘንበት። ዘንጉ ቢበጠስ ሸክሙ ወደ ቀሩት ይዞራል፤ ሣጥኑ ሚዛኑን ስቶ ከጎኑ ያለውን ወንፊት ሊመታ ይችል ነበር፤ በሁለቱ መካከል ባለው ጠባብ መተላለፊያ ደግሞ ዘወትር የሚመላለሱት እትዬ ነበሩ። ዘንጉን ቀየርን፣ የሌሎቹንም ማጥበቂያዎች ፈተሽን፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ፎቁ ሥራውን ቀጠለ።

ጠዋት ሪፖርቱን ጻፍሁ። የብልሽቱን ምክንያት፣ የተቀየረውን ዕቃ፣ ሥራው የቆመበትን ሰዓት በጥንቃቄ መዘገብሁ። ብልሽቱ እንዴት እንደታወቀ በሚጠይቀው ቦታ ላይ «በአንድ ሠራተኛ ጥቆማ፣ በጥገና ክፍሉ ክትትል ተደርሶበት» ብዬ ሞላሁ። በሳምንቱ ለጥገና ክፍሉ የምስጋና ደብዳቤ ደረሰ፤ ኃላፊው እኔ ስለሆንሁ በስሜ ነበር የተጻፈው። ደብዳቤውን መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥሁት።

ከዚያ በኋላ ባለ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት፣ ለሁለት አዳዲስ ተለማማጆች የስታብልፊልድን ታሪክ ሳወራ እትዬ አጠገባችን ተቀምጠው ምሳቸውን ይበሉ ነበር። ምዝገባው ላይ ስሙ እንደሌለ ስናገር ቀና ብለው ጠየቁኝ።

«ወረቀቱን የሞላው ማን ነበር?»

«ዘፈኑን በስሙ ያስመዘገበው ሰው ነዋ።»

«ድራመሩን አያውቀውም ነበር?»

«እንዴት አያውቀውም፣ እትዬ! አንድ ክፍል ውስጥ አብረው ናቸው የቀረጹት።»

«እንግዲያስ ረስቶት አይደለማ» አሉና የምሳ ዕቃቸውን ከድነው ተነሡ።

ሪፖርቱን አላነበቡትም፤ ስለ ደብዳቤውም የሚያውቁት ነገር አልነበረም፤ ስለዚህ ነገሩን ወደ እኔ ማዞራቸው እንዳልሆነ እርግጠኛ ነኝ። ቢሆንም የያዝሁት ጉርሻ አልወርድ አለኝ። እኔም ረስቼ አልነበረም። ስማቸውን ከነአባታቸው አውቀው ነበር። ብዕሩን ይዤ ሳለሁ ወደ ሐሳቤ መጥቶ ነበር፤ ያስቀረሁትም የጥገና ባለሙያው እጁን ጭኖ ያልሰማውን የምትጠርግ ሴት ሰማች መባሉ ክፍሉን ያሳንሳል ብዬ ነው። ክፍሉን ያልሁት ራሴን ነበር። «ድራመሩ» የሚለው ቃል ስንት ዓመት ሲያስቆጣኝ ኖሮ፣ «አንድ ሠራተኛ» ብዬ ስጽፍ እጄ አልተንቀጠቀጠም።

በዚያው ቀን ሪፖርቱን እንደገና ጻፍሁት። ነገሩ ግን እንዳሰብሁት ቀላል አልሆነም፤ ቢሮው የጽዳት ሠራተኞች በሌላ ድርጅት በኩል የተቀጠሩ ስለሆኑ በፋብሪካው የጥገና መዝገብ ስማቸው ሊገባ አይገባም አለኝ። ቅጹም ለስም የሚሆን ቦታ የለውም ተባለ። ቅጹ ቦታ ከሌለው ተጨማሪ ገጽ አያይዛለሁ ብዬ፣ የሌሊቱን ሁኔታ ከመጀመሪያው ጥቆማ ጀምሮ፣ እኔ «ደህና ነው» ብዬ የመለስኋቸውንም ጨምሬ ጻፍሁ። በስሜ የመጣውን ደብዳቤም ከገጹ ጋር መለስሁ። ከሦስት ሳምንት ምልልስ በኋላ አዲስ ደብዳቤ በእትዬ ስም ወጣ፤ ግማሽ ወር ደመወዝ የሚያህል ሽልማትም ተጨመረበት። በጥገና ክፍላችን የፈረቃ መዝገብ ላይ ደግሞ በማስመሪያ አንድ ተጨማሪ ዓምድ አሰመርሁ፤ «መጀመሪያ የሰማው ወይም ያየው ሰው ሙሉ ስም» ይላል።

እዚህ ላይ ስማቸውን ያልጻፍሁት ራሳቸው ስላልፈቀዱ ነው። «የፋብሪካው ወረቀት ላይ ይበቃኛል፣ አገር ሁሉ ምን ያደርግልኛል» ብለውኛል።

ደብዳቤውን የሰጠኋቸው ዕለት «ፈንኪ ድራመር»ን በስልኬ አሰማኋቸው። ማዳመጫውን በጆሯቸው አድርገው፣ ዓይናቸውን ከድነው፣ ድራሙ ብቻውን እስኪቀር ድረስ ዝም አሉ። ያች ክፍል ስትደርስ የቀኝ እጃቸው ጉልበታቸውን መምታት ጀመረ፤ ቆይቶ ደግሞ የግራ እጃቸው ጣቶች፣ ጨርቁን ነካ ነካ እያደረጉ፣ በትልልቆቹ ምቶች መካከል ገቡ። እኔ ስንት ዓመት የፈለግኋቸውን ምቶች አንድ ጊዜ ሰምተው አገኟቸው።

«ይኼ ሰው ግራ እጁ ነው የሚጫወተው፤ ቀኙማ ያጅበዋል» አሉኝ። ስሙን ጠየቁኝ፤ ነገርኋቸው። «ክላይድ» ብለው ሁለት ጊዜ ደገሙት፤ የአባቱን ስም ደግሞ በደንብ እስኪይዙት ድረስ ቀስ ብዬ እንድነግራቸው አደረጉኝ።

ከሁለት ወር በኋላ ጠዋት ፈረቃ ስረከብ መዝገቡን ገለጥሁ። በሌሊቱ ገጽ ላይ አንድ መስመር ተሞልቶ ነበር፦ የሁለተኛው ፎቅ አሳንሰር፣ የቺንጋ ፉጨት፣ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ። በአዲሱ ዓምድ ውስጥ፣ ብዕሩን ጠንከር አድርገው በተጫኑት ፊደላት፣ እትዬ ስማቸውን ከነአባታቸው ከነአያታቸው በራሳቸው እጅ ጽፈውታል።