ተመልሶ የመጣው ሳንድዊች

በአንድ ምግብ ቤት ማዕድ ቤት ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት፣ በምሳ ሰዓት ጥድፊያ መሐል የላክሁት ቺዝ የቀለጠበት የቱና ሳንድዊች ተመልሶ መጣ። የተገመጠው አንዴ ብቻ ነው። ዳቦው ከውጭ ጠቁሯል፣ ከውስጥ ርሷል፤ ቺዙ ግን ከማቀዝቀዣ እንደወጣ ቅርጹን ይዞ ተቀምጧል።

ዋና ሼፋችን አልተቆጡም። ሳንድዊቹን ገለጡና "መሐሉን ንካው" አሉኝ። ቀዝቃዛ ነበር። ከዚያ በጣሳው የተረፈውን ቱና ወንፊት ላይ ገልብጠው በማንኪያ ጀርባ ተጫኑት። እኔ ጣሳውን ዘንበል አድርጌ ውሃውን ያጠፈፍሁ መስሎኝ ነበር፤ ከወንፊቱ ሥር ግን ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል ውሃ ተጠራቀመ። "ዳቦውን ያራሰው ይህ ነው" አሉ። "እሳቱን ስላበዛኸው ደግሞ ሙቀቱ ቺዙ ጋ ሳይደርስ ዳቦው ቀድሞ አረረ።"

ወረፋው እየረዘመ፣ አጠገቤ ቆመው ሌላ አሠሩኝ። ዛሬ ቤቴ ስሠራም የምከተለው ያንኑ አሠራር ነው። ቱናውን ጠብ የሚል ነገር እስኪያጣ እጫነዋለሁ። ለአንድ ጣሳ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ማዮኔዝ፣ በጣም ደቅቆ የተከተፈ ሽንኩርት፣ ጥቂት የሎሚ ጭማቂና ቁንዶ በርበሬ ይበቃል። ጨው የምጨምረው ቀምሼ ነው፤ ቱናውም ቺዙም የራሳቸው ጨው አላቸው።

ቺዙን ከቱናው በላይም በታችም አደርጋለሁ። ሲቀልጥ ሁለቱን ዳቦዎች ያያይዛል፣ እርጥበቱንም ከዳቦው ያርቃል። ተፈቅፍቆ የታሸገው ቺዝ እንዳይጣበቅ ስታርች ስለሚነሰነስበት ለዚህ አልወደውም፤ ራሴ የፈቀፈቅሁት ይበልጥ ልስልስ ብሎ ይቀልጣል። የዳቦውን ውጭ ማዮኔዝ የሚቀቡ አሉ፤ በእኩል ያቀላዋል፣ እውነት ነው። ለመዓዛው ግን እኔ ቅቤን አልለውጥም።

እሳቱ ዝቅተኛ ይሁን፤ ቅቤው በቀስታ ይንሾካሾክ እንጂ አይንጫጫ። መጀመሪያ መጥበሻውን ለሦስት ደቂቃ ያህል እከድናለሁ፤ የታፈነው ሙቀት መሐል ድረስ ይዘልቃል። ስገለብጠው ክዳኑን አነሳለሁ፤ አለበለዚያ እንፋሎቱ ዳቦውን ያላላዋል። ቺዙ በጠርዙ ወረድ ሲል አወጣዋለሁ፤ ከመቁረጤ በፊት ደግሞ አንድ ደቂቃ ይረፍ፤ ካላረፈ ቺዙ ቢላውን ተከትሎ ይፈሳል።