«ገብቶናል» ሲሉኝ ያመንኩበት ሌሊት

ይሄን ገጠመኝ ስንት ጊዜ ልፅፈው ጀምሬ ትቼዋለሁ፣ ዛሬ ግን ልጨርሰው። ፍየል ማርባት ገና ለሚጀምሩ ትልልቅ ሰዎች የተግባር ስልጠና የሚሰጥ አንድ እርባታ ውስጥ አሰልጣኝ ነበርኩ። ያን ዙር ሰልጣኞቹ 11 ናቸው፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ አሉ (ጋሼ ነው የምንላቸው)፣ ነርስ አለች፣ ሹፌር የነበረ አለ፣ ባልና ሚስትም ነበሩ፣ ብቻ ሁሉም ፍየልን ከሩቅ እንጂ በእጃቸው ነክተው የማያውቁ ሰዎች ናቸው።

ትልቅ ሰው ማሰልጠን ልጅ ከማስተማር የሚለይበት አንድ ነገር አለ። ልጅ ካልገባው ወይ ይጠይቃል ወይ ፊቱ ላይ ይታወቃል፣ ትልቅ ሰው ግን ራሱን ይነቀንቅልሃል። በተለይ በራሱ ሙያ የተከበረ ሰው ከሆነ ሌላው ፊት አልገባኝም ማለት ይከብደዋል። እኔ ይሄን አላውቅም ነበር፣ ወይም አውቄ ትኩረት አልሰጠሁትም።

ያኔ የማስተምረው እንዲህ ነበር፣ ጠዋት ክፍል ውስጥ ስላይድ አሳያለሁ፣ ከሰዓት በረት እንገባና እኔ ፍየሏን ይዤ ሰኮና እቆርጣለሁ፣ መድኃኒት አጠጣለሁ፣ እነሱ ዙሪያዬን ቆመው በስልክ ይቀርፃሉ። ከዛ «ገባችሁ?» እላለሁ፣ «ገብቶናል» ይላሉ፣ ወደ ቀጣዩ እናልፋለን። ፕራክቲካል ነው የምንለው ይሄን ነበር እንግዲህ፣ እጁ የሚሰራው ግን የኔ ብቻ ነው።

ስለ እንገር፣ ማለትም እናት እንደወለደች ስለሚመጣው የመጀመሪያ ወተት፣ ያስተማርኩት ትምህርት ጥሩ ነበር፣ አሁንም ጥሩ ነው ብዬ አምናለሁ። ፍየል በእርግዝና ጊዜ በሽታ መከላከያዋን በእንግዴ ልጅ በኩል ለግልገሏ አታሳልፍም፣ ስለዚ ግልገሉ ሲወለድ ባዶ እጁን ነው፣ መከላከያውን የሚያገኘው ከእንገር ነው፣ አንጀቱ ያንን መቀበል የሚችለው ደሞ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው፣ እየቆየ ይቀንስና 24 ሰዓት ሲሞላ በሩ ተዘጋ ማለት ይቻላል። በመጀመሪያው ቀን የክብደቱን 10 በመቶ ያህል ማግኘት አለበት፣ 3 ኪሎ ከሆነ 300 ሚሊ ሊትር ገደማ። ይሄን ሁሉ አስረዳሁ፣ ሁሉም ፃፉ። አስተማሪው ደሞ እንዴት ነው የሚፅፉት መሰላችሁ፣ በቁጥር በቁጥር፣ በቀይ እስክሪብቶ እያሰመሩ።

በሁለተኛው ሳምንት አምስት ፍየሎች ለመውለድ ተቃርበው ነበር። ከወጠጤ ጋር የተገናኙበት ቀን ተመዝግቧል፣ ፍየል ወደ 150 ቀን ነው የምታረግዘው፣ ሁለቱ ላይ ከጭራቸው ስር ያሉት ጅማቶች ላልተዋል፣ ግታቸው ሞልቷል። ሌሊቱን በተራ እንዲጠብቁ አደረግኩና እኔ አጠገቡ ያለች ክፍል ውስጥ መዝገብ እየሞላሁ «የሆነ ነገር ካለ ጥሩኝ» ብዬ ተቀመጥኩ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ተራው የአስተማሪው ነበር።

አልጠሩኝም። እኔ ነኝ ዝምታው ረዘመብኝ ብዬ የወጣሁት።

አንደኛዋ ፍየል መንታ ወልዳለች። የመጀመሪያው ቆሞ ይጠባል፣ እናትየው እሱን እየላሰች ነው፣ ሁለተኛው ወዲያው ተከትሎ ስለመጣ ሳትደርስለት እርጥቡ ጭድ ላይ ቀርቷል። ጋሼ ግልገሉን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል፣ እትብቱን በአዮዲን ነክረውታል፣ እንገሩን አልበው ጡጦ ውስጥ ጨምረዋል፣ አልጠባ ሲላቸው አፉን ከፍተው ቀስ እያሉ ያፈሱለታል። ደክሞት ነው፣ ሲጠጣ ይበረታል ብለው። ማንም ሰው የሚያስበው ነው ይሄ እኮ፣ የደከመን ማብላት።

ድምፁን ስሰማ ነው የደነገጥኩት። ያ የሚንኮረኮር ትንፋሽ፣ አፍንጫው ላይ ወተት። ጣቴን አፉ ውስጥ ሳስገባ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የነከርኩት ነው የመሰለኝ። ቴርሞሜትሩ 34.6 አለ። አዲስ የተወለደ ግልገል ከ38.5 እስከ 40 ነው መሆን ያለበት፣ ከ37 ሲወርድ የመዋጥ አቅሙ ይደክማል፣ አንጀቱም ስራ ያቆማል፣ ስለዚ በዚ ሰዓት የሚሰጠው ወተት ወይ ሳንባ ይገባል ወይ ሆዱ ውስጥ ሳይፈጭ ይቀመጣል። መጀመሪያ ሙቀት፣ ከዛ ነው ወተት። ወደታች አዘቅዝቄ ከአፉ እንዲወጣ ሞከርኩ፣ በፎጣ አሸነው፣ የሞቀ ውሃ በጠርሙስ ሞልተን በጨርቅ ጠቅልለን ከጎኑ አደረግን፣ እሳቸው ሳይናገሩ ጠርሙስ እየለወጡ አደሩ። ሊነጋጋ ሲል ሞተ።

ጋሼ አላለቀሱም፣ አልተከራከሩም። «ልጄ፣ የቱን ነው የሳትኩት?» አሉና ደብተራቸውን ዘርግተው በባትሪ አበሩልኝ። አነበብኩት። ምንም ስህተት የለውም። የኔ ቃል ነው፣ ቁጥር 1 እትብቱን መንከር፣ ቁጥር 2 በመጀመሪያው ሰዓት እንገር፣ ከስሩ በቀይ ተሰምሮበታል። ዝቅ ብሎ ደሞ ቁጥር 6 ላይ «ግልገሉ መቀዝቀዝ የለበትም» ይላል። ይሄንንም ብያለሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር፣ አለቀ።

ግን መቀዝቀዙ በምን ይታወቃል? እርጥብ ሆኖ የተወለደ ግልገል ሁሉ ጆሮው ይቀዘቅዛል፣ ፀጉሩ ይቀዘቅዛል፣ ከላይ በመንካት አይለይም። የሚለየው ጣት አፉ ውስጥ ሲገባ ነው፣ ምላሱ ስር። ይሄን እኔ ከየት አወቅኩት ብዬ ሳስብ፣ ስራውን ስጀምር አንዲት ሴትዮ ጣቴን ይዛ አስገብታልኛለች፣ ጤነኛውንም የቀዘቀዘውንም አስነክታኛለች። ከዛ ቀን ጀምሮ በእጄ ስለማውቀው እውቀት መሆኑን ረስቼዋለሁ። ስላይድ ሳዘጋጅ ትዝ ሊለኝ ያልቻለው ለዛ ነው። የመጥባት ፍላጎት ከሌለውና ካልዋጠ ምንም ነገር አፉ ውስጥ አታፍስሱ የሚለውንም አልነገርኳቸውም፣ ለኔ መናገር የሚያስፈልገው ነገር አልነበረማ።

ጠዋት ላይ ጋሼ ቦርሳቸውን ዘግተው አገኘኋቸው። «እኔ ለእንስሳ የምሆን ሰው አይደለሁም» አሉኝ። ምን እንደምላቸው ጠፋኝ፣ ዝም ብዬ እጃቸውን ይዤ ወደ በረት ወሰድኳቸውና ጣታቸውን በህይወት ያለው ግልገል አፍ ውስጥ አስገባሁት። ይሞቃል፣ ደሞ ወዲያው ጣታቸውን መጥባት ጀመረ፣ ምላሱን ጠቅልሎ ሲስብ ጉልበቱ ይገርማል። ብዙ ቆዩ እንደዛ ሆነው። ከዛ «ይሄን ከትናንት ወዲያ ብታስነኪኝ ኖሮ» አሉ። በቁጣ አልነበረም። በቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ቦርሳውን ፈቱት። የሞተውን ግልገል ልንቀብር ስንል ደሞ «ከሱ የምንማረው ነገር ካለ ለምን አንማርም» ያሉት እሳቸው ናቸው። እውነትም አለ። ጓንት አድርገን፣ አፉ የሚታሰር ጆንያ ውስጥ ከተን፣ እያንዳንዱ ሰልጣኝ ሳያይ እጁን እያስገባ የፊት እግርና የኋላ እግር እንዲለይ አደረግን። የፊት እግር ከሰኮናው በላይ ያሉት ሁለቱ መጋጠሚያዎች ወደ አንድ አቅጣጫ ይታጠፋሉ፣ የኋላ እግር ላይ ግን አንዱ ወደዚህ አንዱ ወደዛ ነው። ይሄ ምጥ ላይ ትልቅ ነገር ነው፣ በትክክል የሚመጣ ግልገል ሁለት የፊት እግርና በላያቸው አፍንጫ ነው የሚቀድመው፣ ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ታጥፎ ከሆነ ሳያስተካክሉ መጎተት እናትና ልጅ ይገድላል። ፍየሏ አጥብቃ እያማጠች 30 ደቂቃ ምንም ለውጥ ከሌለ ማየት ያስፈልጋል፣ የማያውቅ ሰው ደሞ የእንስሳት ሐኪም ይጥራ። (በነገራችን ላይ ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ከፍየል ወሊድ ትራቅ፣ ከፈሳሹና ከእንግዴ ልጁ የሚተላለፉ ፅንስ የሚያስወርዱ በሽታዎች አሉ፣ ይሄን በመጀመሪያው ቀን ነው መናገር ያለብን።) ከ11ዱ 7ቱ በመጀመሪያ ሙከራ እግሩን ሳቱት። ከሶስት ቀን በፊት ስዕሉን አይተው «ገብቶናል» ያሉኝ ሰዎች ናቸው።

ከዛ ቀን በኋላ «ገባችሁ?» የሚለውን ቃል ተውኩት። «እስቲ አሳዩኝ» ሆነ። ስላይዱን ወደ ማታ ወሰድኩት፣ መጀመሪያ እጅ ይነካል፣ ምክንያቱ በኋላ ይመጣል፣ ያኔ ጥያቄውም የራሳቸው ይሆናል። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ፍየል ሰጠሁ፣ ጠዋት ጠዋት ከራስ እስከ ጭራ እንዲያዩዋት። እኔ እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ፣ ይሄ ከሁሉ ከበደኝ፣ ሰው ሲሳሳት እያየህ ነጥቀህ አለመስራት።

ለምሳሌ የዓይን ቆብ። የታችኛውን ቆብ ሳብ አድርገህ ውስጡን በቀን ብርሃን ታያለህ፣ ቀይ ወይም ደማቅ ሮዝ ከሆነ ደህና ነው፣ ወደ ነጭ ከሄደ ደም አልቋል ማለት ነው፣ ብዙ ጊዜ ከጨጓራዋ ደም የሚመጥ ትል ነው ምክንያቱ። ፋማቻ የሚባል ከደቡብ አፍሪካ የመጣ ባለ 5 ደረጃ የቀለም ካርድ አለ ለዚህ ተብሎ የተሰራ፣ ሁሉንም ፍየል በጅምላ መድኃኒት ከማጠጣት የሚያስፈልጋትን ለይቶ ማከም ስለሚሻል፣ አለበለዚያ ትሉ መድኃኒቱን ይለምደዋል። ግን አንድ ፍየል ብቻ ያየ ሰው ካርዱን ቢይዝም አይለይም፣ 20 ፍየል ተራ በተራ ሲያይ ነው ዓይኑ የሚከፈተው። ነርሷ እዚህ ላይ ከሁላችን በለጠች፣ የሰው ደም ማነስ ስታይ የኖረች ስለሆነች። እሷ የምትፈራው ቀንዱን ነበር፣ እሱም በሳምንት ለቀቃት።

ሆድም እንደዛው። በግራ በኩል ከመጨረሻው የጎን አጥንት ኋላ ያለው ጎድጓዳ ላይ ጭብጥህን ተጭነህ ትጠብቃለህ፣ በደቂቃ አንድ ሁለት ጊዜ ሆዱ እንደ ማዕበል ገፋ ያደርግሃል። ሹፌር የነበረው ሰውዬ መጀመሪያ ምንም አልተሰማኝም አለ፣ 20 ሰከንድ ነበር የጠበቀው። ሁለት ደቂቃ ሙሉ ሲቆይ «ኧረ ገፋኝ!» ብሎ ጮኸ። ከዛ በኋላ ማንም ሳያዘው በየቀኑ ሆድ የሚያዳምጥ እሱ ሆነ፣ አንድ ቀንም እህል ሰርቃ የበላችን ፍየል ገና ሳትተኛ ሆዷ ቀጥ ማለቱን ነገረኝና ሐኪም ደረሰላት።

መድኃኒት ማጠጣቱንም በተራ ውሃ አስለመድኳቸው፣ በሲሪንጅ፣ በአፍ ጎን ጥርስ በሌለበት ክፍተት፣ ጭንቅላቷን ቀጥ አድርጎ እንጂ ወደ ሰማይ ሳያንጋጥጡ፣ ካንጋጠጠች ሳንባዋ ይገባል። ሁሉም ሰው ያለ ልዩነት መጀመሪያ ያንጋጥጣታል። በውሃ ሲሆን በትንሹ ይታረማል።

ፍየል መጀመር የምታስቡ ካላችሁ፣ ስልጠና ከመመዝገባችሁ በፊት «በራሴ እጅ የምሰራው ምን ምን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፣ በፍየል ስንት ሰው እንደሚመደብም ጠይቁ። የሚወልዱበት ወቅት ላይ መሄድ ከተቻለ የተሻለ ነው። ስልጠና ካልተገኘ ፍየል ያለው ሰው ጋር ሄዶ ሰኮና ሲቆርጥ ማገዝ ጥሩ መግቢያ ይመስለኛል፣ በየ6 እስከ 8 ሳምንቱ የሚመጣ አድካሚ ስራ ስለሆነ እርዳታ የሚጠላ የለም፣ እናንተም በአንድ ቀን ብዙ ፍየል መያዝ ትለምዳላችሁ። ቀጭን ቀጭኑን ነው የሚላጠው፣ ሮዝ መልክ ማየት ስትጀምሩ አቁሙ፣ ከዛ በላይ ደም ነው።

ጋሼ እስከ መጨረሻው ቆዩ። የመጨረሻው ሳምንት ላይ የባልና ሚስቱ ፍየል ወለደች፣ በተራቸው ሌሊት፣ ሶስት ነበሩ። እኔ በር ላይ ቆሜያለሁ፣ ጋሼ ተራቸው ባይሆንም ተነስተው መጥተው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ግድግዳው ጋር ቆመዋል። ሚስትየው ሶስተኛውን ግልገል አንስታ «ጋሼ፣ ይሄኛው ዝም ብሏል» አለች፣ ጡጦው አጠገቧ ነው፣ እጇ ወደዛ ሲሄድ አየሁ። ጋሼ ከቆሙበት አልተንቀሳቀሱም።

«ጣትሽን አስገቢ» አሏት።

አስገባች። ትንሽ ቆየች።

«ቀዝቃዛ ነው።»

«እንግዲያው ጡጦውን አስቀምጪና ፎጣ አምጪ» አሉ፣ ባልየው ጠርሙሱን ሊሞላ ሮጠ፣ እኔ ቴርሞሜትሩን አቀበልኳት፣ 36.4።